ኪሎ ሜትሩ ሲዘል፣ ክሩዙ ሲለግም፦ የአንድ ኮሮላ የጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናው ከዱባይ የገባ ኮሮላ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2008 ሞዴል፣ 1.8 ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የሌለው። ኤቢኤስ አለመኖሩን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ቢኖረው ኖሮ የፍጥነቱ መረጃ የሚመጣው ከአራቱ ጎማዎች ሴንሰሮች ስለሆነ ሥራው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። እዚህ ግን አንዲት ሴንሰር ካምቢዮው ላይ ተተክላለች። ኪሎ ሜትሩም፣ የሞተሩ ኮምፒዩተርም፣ ክሩዙም (እግር ሳይነካ ፍጥነቱን ይዞ የሚሄደው ሥርዓት) ፍጥነትን የሚያውቁት እሷ ስትነግራቸው ብቻ ነው።

ሕመሙ ሁለት ነው። የፍጥነት ቀስቱ ጉድጓድ በተነካ ቁጥር ዜሮ ላይ ይወድቅና ትንሽ ቆይቶ ዘሎ ይመለሳል። በወደቀበት ጊዜ የተጓዝነው ርቀት ቁጥርም አብሮት ይቆማል። ክሩዙ ደግሞ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ይዞ አያውቅም። ቁልፉ ሲጫን ጌጁ (ከመሪው ፊት ያለው የቀስቶቹ ሰሌዳ) ላይ መብራቱ ይበራል፣ «ሴት» ሲደረግ ግን ምንም የለም፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ መኪናው ይቀዘቅዛል። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል።

አንድ ጋራዥ «ጌጁ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር» ብሎኛል። ያገለገለ ጌጅ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፣ ችግሩ ግን የተጓዘበት ኪሎ ሜትር የሚቀመጠው ጌጁ ውስጥ ባለች ትንሽ ሜሞሪ ቺፕ ላይ መሆኑ ነው። ጌጅ ቀየርክ ማለት የሌላ መኪና ዕድሜ ገዝተህ ገጠምክ ማለት ነው። ነገ መኪናውን ልሽጥ ብትል ቁጥሩን ለገዢው ማስረዳት ሊኖርብህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልለካ።

ስካነር ሰካሁ፤ ስልክ ላይ የሚነበበው ተራው ኢኤልኤም 327 ነው። የወጣው ኮድ ፒ0500፣ የፍጥነት ሴንሰር ነው። ብዙ ሰው ይህን ኮድ ሲያይ ቀጥታ ሴንሰር ሊገዛ ይሄዳል። እኔ ኮዱን ትቼ የቀጥታ ንባቡን ከፈትኩና ሰፈር ውስጥ ዞርኩ። ያየሁት ነገር ቀኑን ሙሉ አሳሰበኝ፦ ቀስቱ 40 ላይ ሆኖ ስካነሩ ዜሮ ይላል። ቀስቱ ሲወድቅም ዜሮ፣ ሲነሳም ዜሮ።

አንድ ብልሽት ብቻ ቢሆን ሁለቱ አብረው መውደቅ አብረው መነሳት ነበረባቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ወረቀት ላይ መንገዱን ሳልኩት። ሴንሰሯ ሦስት ሽቦ አላት፦ ኃይል፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው)፣ ምልክት። ምልክቱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ኮምፒዩተር አይሄድም፤ መጀመሪያ የሚገባው ጌጁ ውስጥ ነው። ጌጁ ለቀስቱ የሚያስፈልገውን ወስዶ ምቱን እንደገና በሌላ ሽቦ ያወጣዋል። በዚያ መውጫ ሽቦ ላይ ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ 12 ነው። ጌጁ ውስጥ ያለች ትራንዚስተር ደግሞ በየምቱ ወደ ማሳ እየጎተተች ታወርደዋለች። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ይህን መውጣትና መውረድ ነው።

እንግዲህ ቀስቱ የሚያየው ከጌጁ በፊት ያለውን ነው፣ ክሩዙ የሚያየው ከጌጁ በኋላ ያለውን። የሚዘለው ቀስት በመግቢያው በኩል፣ የማይዘው ክሩዝ በመውጫው በኩል መፈለግ አለበት። ይህ ከገባኝ በኋላ ሌላው የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

በመግቢያው ጀመርኩ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ፣ የግራውን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አነሳሁና ከሥሩ መደገፊያ አስገባሁ። ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ቁልፉ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ከሴንሰሯ ሶኬት ጀርባ ስፒል አስገብቼ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ቀይ ጫፍ የምልክቱ ሽቦ ላይ፣ ጥቁሩን ማሳው ላይ አደረግኩና ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ።

ቁጥሩን ላስላ። የጃፓኖቹ ልክ የሴንሰሯ ዘንግ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ እንዲዞር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር አራት ምት ስለምትሰጥ በኪሎ ሜትር 2548 ምት ይሆናል። የዚህ መኪና ጎማ በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ለአንድ ዙር አምስት ምት አካባቢ መምጣት አለበት። አሁን ግን የቀኙ ጎማ መሬት ላይ ስለሆነ አይዞርም፤ በዚያ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አምስት ምት ለማየት የግራውን ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር አለብኝ። አዞርኩ። ቴስተሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። አምስት። ሴንሰሯ ጤነኛ ናት።

አሁን ጎማውን ትቼ ሽቦውን አወዛወዝኩት። ይሄኔ ነው ነገሩ የተገለጠው። ቴስተሩን በሴንሰሯ ኃይልና ማሳ መካከል ሳደርግ 12.3 ቮልት ነው። ሽቦውን ነካ ሳደርግ 4፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ተመልሶ 12። ጥቁሩን ከሶኬቱ አንስቼ በሞተሩ ብረት ላይ ሳስነካው ግን የፈለግኩትን ያህል ባወዛውዝ 12.3 ንቅንቅ አይልም። ኃይሉ ደህና ነው ማለት ነው፤ የሚጠፋው ማሳው ነው።

የሶኬቱ መንጠቆ ከተሰበረ ቆይቷል፣ የሆነ ሰው በቀጭን ሽቦ አስሮታል። ገመዱን ከሞተሩ ጋር የሚይዘው ክሊፕም የለም። ስለዚህ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሽቦዎቹ ክብደት ሁሉ ሶኬቱ አንገት ላይ ያርፋል። የማሳውን ሽቦ ፕላስቲክ በምላጭ ሰነጠቅኩት። ከላይ ምንም አይታይም ነበር፤ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ከመዳቡ ክሮች ያልተበጠሱት ሁለት ወይ ሦስት ቢሆኑ ነው፣ እነሱም ጫፍ ለጫፍ የሚነካኩ ናቸው። በዚህች ነው እንግዲህ ጌጅ ቀይር የተባልኩት።

እሑድ

ሴንሰር አልገዛሁም። ያገለገለ ሴንሰር ገዝቶ መግጠም ጤነኛውን አውጥቶ ታሪኩ በማይታወቅ መተካት ነው። የገዛሁት ጭራ ያለው ሶኬት ብቻ ነው፣ ያውም ከተሰበረ ካምቢዮ ላይ ተቆርጦ የመጣ። ሲገዙ የሚታየው ነገር ሁለት ነው፦ መንጠቆው ሲገባ «ቀጭ» ማለቱና የሽቦው መዳብ ሲላጥ ደማቅ ቀይ መሆኑ። የጠቆረ ከሆነ እሱም ያው በሽታ አለበት።

የመኪናውን ሽቦዎች ጥቁረቱ እስኪያልቅ ወደ ኋላ ቆረጥኳቸው፤ ከጠበቅኩት በላይ ርቆ ሄዷል። ሦስቱንም በየድኩ፣ መጋጠሚያዎቹን ጎን ለጎን እንዳይሆኑ አፈራረቅኳቸው፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ፕላስቲክ አለበስኳቸው። ከዚያ ገመዱን በክሊፕ ከካምቢዮው ጋር አሰርኩት፣ ሶኬቱ አጠገብ ትንሽ ልል ትቼ። ያ ልል ካልተተወ የዛሬ ዓመት እዚሁ ተመልሰን እንገናኛለን።

ሙከራ፦ ቀስቱ አይወድቅም። ድንጋይ የበዛበትን የውስጥ ለውስጥ መንገድ መርጬ ነድቼዋለሁ። ስካነሩ አሁንም ዜሮ፣ ክሩዙም አሁንም ልግመኛ። እንደተጠበቀው።

ማክሰኞ ማታ

መውጫው። ጌጁን ከፊት ፈትቼ ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ከጀርባው ለካሁ። ቁልፉ ተከፍቶ መኪናው በቆመበት የመውጫው ሽቦ ወይ ዜሮ ወይ አምስት መሆን አለበት፣ ትራንዚስተሯ በቆመችበት ቦታ ይወሰናል። ጎማ ሲዞር ደግሞ መቀያየር አለበት። እኔ ያገኘሁት ዜሮ፣ ጎማውን ባዞርም ዜሮ።

በዚህ ሽቦ ላይ የሚንጠለጠለው ብዙ ነው። ቴፑም ፍጥነት ለማወቅ ይቀዳበታል፤ በር በራሱ የሚቆልፍ አላርም የተገጠመለት መኪናም ከዚሁ ነው የሚቀዳው። ከተቀዱት አንዱ ከማሳ ጋር ከተነካካ ሽቦውን ይዞት ይወርዳል፣ ሌሎቹ በሙሉ ይታወራሉ፣ ቀስቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ስለዚህ አንድ በአንድ መንቀል ነው። የቴፑን ሶኬት ነቀልኩ፣ ዜሮ። የጌጁን ነቀልኩ። ትራንዚስተሯ ተቃጥላ ከሆነ አሁን ሽቦው ነጻ ይወጣል። ያው ዜሮ። ባትሪውን ነቅዬ የሞተሩን ኮምፒዩተር ሶኬትም አወጣሁና በሽቦውና በቦዲው መካከል ኦህም (ለኤሌክትሪክ ያለውን እንቅፋት) ለካሁ። ምንም ያልተሰካበት ሽቦ ከማሳ ጋር ሦስት ኦህም ገደማ፣ ተነካክቷል ማለት ነው! ብልሽቱ ሽቦው ላይ ራሱ ነው፣ የት እንደሆነ ብቻ ነው የቀረው።

ለሰፈራችን አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደወልኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ፣ ጎንበስ ብለው መሪው ሥር በባትሪ አዩ።

«ይሄ መኪና ስፒድ ሊሚተር ነበረው እንዴ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ ከሰው እጅ ነው የገዛሁት።»

«ነበረው እንጂ። እስቲ ና፣ እጅህን ከነዳጅ መስጫው በላይ ስደድ። ምን ነካህ?»

የነካሁት የናስትሮ ድቡልቡል ነበር፣ ሙቀት አቅልጦት የሚያጣብቅ።

መኪናው ቀድሞ ኮድ 3 ሆኖ ሲሠራ የፍጥነት መገደቢያ ተገጥሞለታል። ይህ መሣሪያ ሥራውን ለመሥራት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ፍጥነቱን ማወቅና ነዳጅ መስጫውን መያዝ። ፍጥነቱን የሚቀዳው ከዚያው ከጌጁ መውጫ ሽቦ ነው፤ ነዳጅ መስጫው ላይ ደግሞ የፔዳሉን ሽቦዎች ቆርጦ መካከላቸው ይገባል። መኪናው ወደ ግል ሲዞር ሳጥኑ ተነስቷል፣ ጭራዎቹ ግን ቀርተዋል። ያነሳው ሰው የኃይሉን ሽቦ ለብቻው ጠቅልሎ፣ የፍጥነቱንና የማሳውን ሽቦ ግን ራቁታቸውን አንድ ናስትሮ ውስጥ አስተኝቷቸዋል። ማጣበቂያው በሙቀት ሲቀልጥ ሁለቱ ተሳሳሙ። (መገደቢያው ግዴታ በሆነበት መኪና ላይ ይህን መነካካት ሌላ ጣጣ ነው፤ እኔ የማወራው ሳጥኑ በሕጋዊ መንገድ ስለተነሳለት ነው።)

ጋሼ ድቡልቡሉን በፒንሳ ሲከፍቱት መዳቦቹ ተቃቅፈው ጠቁረው ነበር። ለየኋቸው። ቴስተሩ ከሦስት ኦህም ወደ ምንም ንክኪ የለም ሄደ።

«አትጠቅልለው» አሉኝ፣ እንደገና በናስትሮ ልሸፍነው መስሏቸው። «ከሥሩ አውጣው። ጭራ ከተውክ ጭራው ይነክስሃል።»

ሐሙስ ምሽት

ቅርንጫፉን ከመነሻው ላይ ቆረጥኩና ዋናውን ሽቦ በይጄ አለበስኩት። ይበልጥ ያስጨነቀኝ የፔዳሉ ነው። ከፔዳሉ የሚወጡት ሽቦዎች ስድስት ናቸው፤ ሁለት ሴንሰር እያንዳንዱ ኃይል፣ ማሳና ምልክት ስላለው ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ምልክቶች ተቆርጠው በመጠምዘዝ ብቻ ተቀጥለው ነበር። እንዲህ ያለ ቅጥል አንድ ቀን መንገድ ላይ ይላላና ኮምፒዩተሩ ሁለቱ ሴንሰሮች አልተስማሙም ብሎ ኮድ ያወጣል፤ ሞተሩም አቅሙን ያጣል። ያ ከመኪና ጀርባ ሲቀድሙ ቢመጣ ቀልድ አይደለም። ሁለቱንም ቆርጬ በየድኳቸው። ቁልፉ ተከፍቶ እግር ሳይነካው አንደኛው 0.8፣ ሁለተኛው 1.6 ቮልት፤ ቀስ ብዬ ስረግጥ ሁለቱም ሳይዘሉ አብረው ወጡ። እንዲህ ነው መሆን ያለባቸው።

ኮዱን አጠፋሁና ወጣሁ። ስካነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነት አነበበ። ቴስተሩ ድግግሞሽ የሚለካ ስለሆነ አንድ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ አረጋገጥኩት፦ በ60 ኪሎ ሜትር 42 ኸርዝ ተኩል (በሰከንድ ያን ያህል ምት) አካባቢ። ከ2548 ጋር ይገጥማል።

ቀለበት መንገድ ላይ ክሩዙን ሞከርኩ። ይህ ሥርዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች እንዲይዝ አልተሠራም፤ ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ ዜሮ ሲያይ ለነበረ መኪና እምቢ ማለቱ ልኩን ነው። አሁን ያዘ። እግሬን አነሳሁ፣ ነዳጅ መስጫው ሥር ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ መኪናው ግን በ60 ይሄዳል። ከዚያ የድልድይ መጋጠሚያ ስንረግጥ ለቀቀ። እንደገና ያዝኩት፣ ቀጣዩ መጋጠሚያ ላይ ለቀቀ።

መሪው ላይ ያለውን የክሩዝ እጀታ መጀመሪያ ለካሁ፣ ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ። ውስጡ ያሉት ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ተቃዋሚዎች) ብቻ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ የትኛው እንደተጫነ የሚያውቀው በኦህሙ ነው። ወደ ላይ 240፣ ወደ ታች 630፣ ወደ ራስ ሲሳብ 1540 አካባቢ። ሦስቱም በቦታቸው። እዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ስላለ ግን ማስጠንቀቂያ ልጻፍ፦ ቢጫው የኤርባግ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ 90 ሰከንድ ሳይጠብቁ መሪ መፍታት አይገባም።

የቀረው ፍሬኑ ነው። የስቶፕ ስዊች (የፍሬን መብራቱን የሚያበራው) ለሰው አንድ ቁልፍ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሁለት ነው፣ እርስ በርስ የሚቃረኑ። አንዱ ፍሬን ሲረገጥ 12 ቮልት ያሳልፋል፤ ሌላው ፍሬን ሳይረገጥ ያሳልፍና ሲረገጥ ይቋረጣል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም ያያል። አንዳቸው ለአፍታ እንኳ «ተረገጠ» ካለ ክሩዙን ይለቃል። ለደህንነት ነው፣ አይከራከሩትም።

ማታ ላይ የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙሬ የፍሬን ፔዳሉን አንገት በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት፣ ሳልረግጠው። ግድግዳው ላይ ቀይ ብልጭ፣ ብልጭ። ስዊቹ በጣም ወደ ኋላ ተገጥሟል፤ ፔዳሉ በንቅናቄ ብቻ ከእሱ ይርቃል። አዙሬ አላላሁት፣ ገፍቼ ፔዳሉን እስኪነካ አስጠጋሁት፣ መልሼ አዙሬ ቆለፍኩት። አሁን የፈለግኩትን ያህል ብመታው ግድግዳው ጨለማ ነው። በጣት ጫፍ ስጫነው ደግሞ ይበራል። ይህን ሁለተኛውን ሙከራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስዊቹን አላግባብ ያስጠጋ ሰው ክሩዙን ያድንና ስቶፕ የሌለው መኪና ይዞ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ ወደ አዳማ

ቱሉ ዲምቱ ካርድ ወስጄ የፍጥነት መንገዱ ላይ ገባሁ። ክሩዝ በእውነት የሚሞከርበት መንገድ ይሄ ነው፤ ከተማ ውስጥ ያለው ሙከራ የይስሙላ ነው። 90 ላይ አሰርኩት። ጠፍጣፋው ላይ ቀስቱ እንደተሳለ ነው። ወደ አዳማ ግን መንገዱ በብዛት ቁልቁል ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ ከ90 ያልፍና 95 ይደርሳል። ይህን ብልሽት ብሎ የሚመጣ ሰው ይኖራል። አይደለም፤ የዚህ መኪና ዘመን ክሩዝ ነዳጅ መዝጋት እንጂ ፍሬን መያዝ አይችልም። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ወርዶ ሲጮህም እንዲሁ ነው።

ስልኩ ጂፒኤስ ላይ 100 ሲል ቀስቱ 104፣ ስካነሩ ደግሞ ከስልኩ በትንሹ ዝቅ ይላል። ቀስቱ ከፍ ማለቱ የፋብሪካ ዓላማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ኪሎ ሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከፍ ማለትን ግን እስከ 10 ከመቶና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። የስካነሩ ዝቅ ማለት የጎማው ጉዳይ ነው፦ መኪናው 195/65 አር15 ሲሆን የተገጠመለት ግን 205/65 አር15 ነው፣ ለጉድጓዱ ተብሎ ከፍ የተደረገ። በዲያሜትር ሁለት ከመቶ ይበልጣል። የተጓዘው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ አሳንሶ ይቆጥራል፤ ነዳጅ ፍጆታ ስታሰሉ ግምት ውስጥ አስገቡት።

ፒ0500 አልተመለሰም። ወደ ቤት ገብቼ ኮፈኑን ከፍቼ አዲሱን መጋጠሚያ አየሁት፣ ደረቅ ነው። ሴንሰሯ ከካምቢዮው ጋር በምትገናኝበት ግን ቀጭን የዘይት ላብ አለ፤ የጎማ ቀለበቷ ደርቃለች። ለጊዜው ጠርጌዋለሁ። የካምቢዮው ዘይት ሲቀየር እሷን አብሬ እቀይራታለሁ፣ ዘይቱ ወደ አዲሱ ሶኬት ሳይወርድ።